እንጆሪና ካንሰር፦ ለሻጭ ልናቀርባቸው የሚገቡ ጥያቄዎች



የድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ከባሕር ማዶ በሚገባ ሸቀጥ ይታወቃል። በዚያ ስናልፍ አንድ ነጋዴ «ካንሰር ይከላከላል» ብሎ የእንጆሪ ክኒን ቢያቀርብልን ምን እንጠይቀዋለን?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። የምግብ ቧንቧ ካንሰር በአርሲና በባሌ ጎልቶ ይታያል፤ ብዙዎቹ ሕሙማንም ወደ ሐኪም የሚደርሱት መዋጥ ካቃታቸው በኋላ ነው። መከላከያ መፈለጉ ስለዚህ ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «በማን ላይ ተፈተነ?» የሚል ነው። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋሪ ስቶነርና ባልደረቦቻቸው ካንሰር አምጪ ኬሚካል ለተሰጣቸው አይጦች የደረቀ የጥቁር ራዝቤሪ ዱቄት አበሏቸው። በምግብ ቧንቧቸው ላይ የበቀለው ዕጢ ዱቄቱን ካልበሉት አይጦች ያነሰ ሆነ። አይጥ ግን ሰው አይደለም።

ሁለተኛው «በምን ያህል መጠን?» የሚል ነው። ለአይጦቹ የተሰጠው ዱቄት ከቀለባቸው ከ5 እስከ 10 በመቶ ይደርስ ነበር፤ ይህን ያህል በሰው ገበታ ላይ በቀላሉ አይገኝም።

ሦስተኛው «ከምን ጋር ተነጻጸረ?» የሚል ነው። በቻይና ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ በምግብ ቧንቧቸው ላይ ቅድመ ካንሰር ለውጥ ከታየባቸው መካከል 36ቱ በቀን 60 ግራም የደረቀ እንጆሪ ለ6 ወር ወሰዱ። በ29ኙ ላይ ለውጡ ወደ ቀለለ ደረጃ ወረደ። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ሆኖም እንጆሪ ፈጽሞ ያልወሰደ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም፤ ካንሰሩ ራሱ መቅረቱም አልተለካም።

አራተኛው «ጉዳትስ የለውም?» የሚል ነው። በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶች በተሳተፉበት ጥናት፣ ከአትክልትና ፍራፍሬ የምናገኘው ቤታ ካሮቲን በክኒን መልክ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ውጤት ግን በወሰዱት ዘንድ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ መጨመሩን አሳየ። በፍሬ ውስጥ ያለ መልካም ነገር በክኒን ሲሆን ያው ላይሆን ይችላል።

እንግዲህ ፍራፍሬ እንብላ፤ መድኃኒት ነው ግን አንበል። ትምባሆና አልኮል ካንሰር እንደሚያስከትሉ ተረጋግጧል፤ ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የጋለ መጠጥም ሳያስከትል እንደማይቀር ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቋል። መዋጥ የከበደው ሰው ደግሞ ፍሬ ሳይሆን ሐኪም ይፈልግ።

ለእናንተ ለተማሪዎች የምተወው አደራ ይህ ነው፦ አጋማችንና ቁርቁራችን በእነዚሁ አራት ጥያቄዎች ይፈተኑ። የአገራችን ፍሬ በመሆናቸው ብቻ ፈተናው አይቀርላቸውም።