እግሬ መሬት እስኪነካ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያደረጉት ንግግር)

ባለፈው ስብሰባ ሦስት አባሎቻችን ለሞተር ሳይክል መግዣ ብድር ሲጠይቁ ጸሐፊያችን ወደ እኔ ዞር ብላ «አንቺ ሦስት ዓመት ነድተሻል፣ እስቲ የምታውቂውን ንገሪን» አለችኝ። እሺ አልኩ። የምናገረው ግን ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ ኮርቻው ነው። አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ አያለሁ። ሳቁ፤ እኔም ያኔ ስቄ ነበር።

ቁመቴን ታውቁታላችሁ፣ አንድ ሜትር ከ54 ነው። በ2014ቱ ጦርነት ሱቄ ባዶውን ከቀረ በኋላ እንደገና የተነሣሁት በእንቁላል ነው። ከኮምቦልቻ ዙሪያ እየሰበሰብኩ ደሴ ላሉ ምግብ ቤቶች ማድረስ ጀመርኩ። ታላቅ ወንድሜ ያገለገለ ሆንዳ ኤክስኤል 125 አገኘልኝ። ለገጠር መንገድ የተሠራ፣ ጠንካራ ሞተር ነው፤ ነገር ግን ረጅም ነው። በሜትር ስለካው ኮርቻው ከመሬት 82 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ስቀመጥበት መሬት የሚነካው የጣቶቼ ጫፍ ብቻ ነበር። «ትለምጂዋለሽ» አለኝ ወንድሜ። እሱ ቁመቱ ሜትር ከሰባ አምስት ነው።

አንድ ጠዋት ደሴ ውስጥ የኮብልስቶን ዳገት እየወጣሁ ነበር። ከፊቴ የነበረ ባጃጅ ሰው ሊያወርድ ድንገት ቆመ። እኔም ቆምኩ፤ ግራ እግሬን ሳወርድ ግን በዚያ በኩል መሬቱ ጎድጎድ ያለ ነበር። እግሬ አየር ላይ ቀረ። ሞተሩ ወደ ግራ ጋደል አለ፣ ያዝኩት፣ አቃተኝ፣ ወደቅን። ከኋላ የታሰረው ስምንት ትሪ እንቁላል ነበር፣ 240 ፍሬ። መንገዱ ቢጫ ሆነ። ጉልበቴ ተላጠ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ አንዱም «ድሮስ ሴት!» አለ። እሱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የዚያን ወር ቁጠባዬን ያልከፈልኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ያኔ ታምሜ ነው ብያችሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኮርቻውን ወደ አንድ የመኪና ወንበር ወደሚያለብስ ሰው ወሰድኩት። «ዝቅ አድርግልኝ» አልኩት፣ ሌላ ምንም አላልኩም። እሱም ስፖንጁን አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ገምሶ ቆዳውን መልሶ አለበሰው። እግሬ መሬት ደረሰ። ደስ አለኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ማታ ማታ ዱካ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። የቀረው ስፖንጅ ስስ ስለነበር ሥሩ ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ አጥንቴን ይወጋው ነበር። በዚያ ላይ ሰውዬው ሲቆርጠው ወደ ፊት እንዲያዘቀዝቅ አድርጎታል። የሐረጎን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1900 በታች፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ስወርድ ሰውነቴ እየተንሸራተተ ከነዳጅ ጋኑ ጋር ይጋጫል። የት እንደሚያም መናገር አያስፈልገኝም፣ ሁላችንም ሴቶች ነን።

ለባለሙያው ግን መናገር ነበረብኝ፤ አፈርኩ። ስድስት ወር ዝም ብዬ ትራስ እያሰርኩ ነዳሁ። በመጨረሻ እዚህ ካለች አንዲት እህቴ ጋር፣ ስሟን አልጠራም፣ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ሄድን። እሷ ናት ደፍራ «እዚህ ጋ ያማታል፣ እዚህ ጋ ይወጋታል» ብላ በጣቷ ኮርቻው ላይ ያሳየችው። ሰውዬው ምንም አልሳቀም። እርሳስ አውጥቶ ምልክት አደረገ።

ከእሱ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ጠንካራ ወንበር ላይ መዳፋችሁን ከሥር አድርጋችሁ ብትቀመጡ ሁለት አጥንቶች ይሰሟችኋል። ክብደታችንን መሸከም ያለባቸው እነሱ ናቸው። በሴት ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከወንድ ሰፋ ይላል። ስለዚህ የኮርቻው መቀመጫ ክፍል ሰፊና ጠፍጣፋ ይሁን። ጭናችን የሚያልፍበት የፊተኛው ክፍል ደግሞ ይጥበብ። ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። እግር ከኮርቻ በቀጥታ ወደ ታች አይወርድም፤ መጀመሪያ ወደ ጎን ይሄዳል። የጠገበች በቅሎና የከሳች በቅሎ ቁመታቸው እኩል ቢሆንም በከሳችው ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩ ወደ መሬት ይቀርባል። የእኔ ኮርቻ ዝቅ ያለው በመጨረሻ ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ፊቱ ግራና ቀኙ ስለተሸረፈ ዛሬ የሁለቱም እግሮቼ ፊት መሬት ይረግጣል፣ ትንሽ ጋደል ካልኩ አንዱ ሙሉ በሙሉ ይደርሳል። አንዱ ሙሉ ከደረሰ ይበቃል። ዳገት ላይ ቀኝ እግር ፍሬኑን ይዞ ግራው ነው የሚወርደው።

ስለ ስፖንጁ አትታለሉ። ሱቅ ውስጥ በጣት ሲጫኑት ደስ የሚለው ለስላሳው ነው፤ ሐረጎን ሳትጨርሱ ሥሩ ላይ ተለጥፎ ያርፋል። ሥሩ ጠንካራ፣ ላዩ ላይ ስስ ለስላሳ ይሁን። ቆዳው የሚያንሸራትት አይሁን። መሐል ላይ ስፌት ያለውንም እኔ አልወደውም፤ የነሐሴ ዝናብ በስፌቱ ገብቶ ስፖንጁ ይጠጣዋል፣ ከዚያ ፀሐይ ወጥቶም ቀሚሳችሁ ሲረጥብ ይውላል። ከቆዳው ሥር ላስቲክ አስደርቡ።

ለቦክሰርና ለቲቪኤስ የተዘጋጀ ቅያሪ ኮርቻ መለዋወጫ ቤት ይገኛል። ከገዛችሁ ሞተሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ መንጠቆውና ቁልፉ ሲገጥም እዩ፣ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ተቀመጡበት። አሜሪካ ውስጥ እንደ ኮርቢንና ሳርጀንት ያሉ ኮርቻ ብቻ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ፤ ሥራቸው ግን በአብዛኛው ለትልልቅ ሞተሮች ነው፣ ለእኛ የሚሆነን የሰፈራችን ባለሙያ ነው። የድሮውን ኮርቻ ግን አትጣሉ፤ ሞተሩን መሸጥ ቢመጣ ረጅም ሰው ይፈልገዋል።

መካኒክ «ኮርቻውን ተይው፣ አሞርዛተሩን ላሳጥረው» ቢላችሁ መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ነገር ነው በሉት። ሞተሩ ሲያጥር ሆዱ ድንጋይ ይመታል፣ የጎን መቆሚያው ደግሞ ስለሚረዝምበት ቀጥ ብሎ ቆሞ ንፋስ ይጥለዋል። ከዚያ በፊት ሶሉ ወፈር ያለ ጫማ ሞክሩ፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቀላል አይደለም። ቀሚስ የምትለብሱም ከሥር ሱሪ አድርጉ፣ ጫፉንም ከካቴናው አርቃችሁ እሰሩ።

አሁን ለኮሚቴው አንድ ጥያቄ አለኝ። ብድሩ ሲጸድቅ የሞተሩ ዋጋ ብቻ አይጻፍ፤ ኮርቻ ማስተካከያውም ተጨምሮ ይጻፍ። ዋጋውን አልናገርም፣ በየወሩ ይለወጣል፤ ከስምንት ትሪ እንቁላል ግን በታች ነበር። ለባለሙያው የምትሄድ ብቻዋን አትሂድ፣ እኔ አብሬ እሄዳለሁ፣ የምታፍረውን እኔ እናገርላታለሁ።

ሞተሬ በሩ ላይ ቆሟል። ቡናው እስኪፈላ ወጥታችሁ ተቀመጡበት። እትዬ፣ እርስዎም ይምጡ እንጂ፣ እኔ እይዝልዎታለሁ።