የሐዋሳ ስፌትና የዋሽንግተን ውሳኔ



የዓለም ገበያ መተሳሰርና መላላት ሲነገር ነገሩ ከአጥቢያችን የራቀ ይመስላል። ነገር ግን በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በስፌት መኪና ፊት የተቀመጡት በብዛት ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። የሰፉት ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ የነበረው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የአጎዋ ሕግ ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አገራችን በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከዚህ ዕድል ተሰረዘች። ከፓርኩ ቀዳሚ ባለሀብቶች አንዱ የነበረው ፒቪኤች ያን ቀን እንኳ አልጠበቀም፤ በኅዳር ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ።

ጦርነቱን ያልጀመሩ፣ ሕጉንም ያላወጡ እጆች ሥራ ፈቱ። የመነሻ ደመወዛቸው በ2011 ዓ.ም. በወር 26 ዶላር ገደማ ነበርና ከቤት ኪራይና ከቀለብ ተርፎ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ አልነበረም።

«ሙያውስ ቀርቶላቸዋል» የሚሉ አሉ። እኔ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። በፋብሪካ አንዲቱ እጅጌ፣ ሌላይቱ አንገትጌ ብቻ ትሰፋለች፤ ሙሉ ልብስ ለክታና ቆርጣ መስፋትን ገና ልትማር ይገባታል። እንግዲህ ኮሚቴዎቻችን ሥራ ያጣችን እኅት ሲመዘግቡ ምን ያህል እንደምትችል ይጠይቁ፤ የጎደላትን የሚያስተምር ልብስ ሰፊም በየአጥቢያው አይጠፋም።