የወላጅ ቤት ኪራይ የማን ነው?



አባት ሲሞት ቤቱ ይከራያል፤ ኪራዩን ታላቅ ወንድም ይሰበስባል። እናትና እህቶች «ቤተሰብ እንዳይበተን» እያሉ ለዓመታት ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ግን ሐቃቸውን አያስቀርም።

የቀብር ወጪ፣ ዕዳና ኑዛዜ ከተፈጸመ በኋላ ቤቱም ኪራዩም የወራሾች ሁሉ ነው። ሟች ሚስት፣ ሁለት ወንድና ሦስት ሴት ልጆች ብቻ ቢተው፣ ግብርና ጥገና ተቀንሶ ከሚተርፈው 24,000 ብር፣ በሱረቱ አን-ኒሳእ ድንጋጌ መሠረት እናት አንድ ስምንተኛውን፣ 3,000 ብር፣ ታገኛለች። ከቀሪው ለእያንዳንዱ ወንድ 6,000፣ ለእያንዳንዷ ሴት 3,000 ብር ይደርሳል።

እንግዲያው ሳንውል ሳናድር የወራሽነት ማስረጃ እናውጣ። ሁሉም ወገን ከፈቀደ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ያያል። ካርታውን ከሟች ስም ወደ ወራሾች ስም እናዙር፤ ኪራዩንም ሁሉም በሚያየው መዝገብ እንያዝ። በ2008 ዓ.ል. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከኪራይ ገቢ ግብር ይከፈላል። ግብር ለመቀነስ ብለን በውሉ ላይ ኪራዩን አሳንሰን ብንጽፍ ውሸት ነው፤ የእህትም ድርሻ የሚጠፋው በዚያው ቀዳዳ ነው።

ቤተሰብን የሚያጸናው ዝምታ ሳይሆን ፍትሕ ነው። አላህ የየቲምንና የእህትን ሐቅ ከመብላት ይጠብቀን። አሚን።