ጠባብ ገደልና ልክን ማወቅ

(ለማንበቢያ ጣቢያ ተሳታፊዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ገደል ነው። ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ስለ ገደል መናገር «ለቀባሪው አረዱት» ሊሆንብኝ ይችላል። ገደሉን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ነገር ግን በዕረፍት ቀን ተሰብስበን ሸለቆ ለሸለቆ የምንዞረው እኛ ተማሪዎችና እኩዮቻችን ስለሆንን፣ ንግግሬ ይበልጡን ለወጣቶች ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ልዩነቱ ከ600 ሜትር በላይ ነው። መኪና ይህን ቁልቁለት በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ ይወርደዋል። የቦርከና ወንዝ ግን ድንጋዩን ሰንጥቆ ወርዷል። ከኩታበር በኩል ተነሥቶ ደሴን ካለፈ በኋላ፣ ኮምቦልቻ ከመድረሱ በፊት፣ ዶሮ መዝለያ በሚባለው ጠባብ ገደል ውስጥ ያልፋል። ስሙን አስተውሉ። ስሙ ስለ ገደሉ ጥበት ይነግረናል፤ ስለ ጥልቀቱ ግን አይነግረንም።

ገደል እንዴት ይህን ያህል ይጠባል? ውኃ ብቻውን ድንጋይ ብዙም አይቆርጥም። በአብዛኛው የሚቆርጠው ውኃው የሚያንከባልለው ጠጠርና አሸዋ ነው። መጅ ወፍጮውን እየበላ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ጠጠሩም ጥቁሩን ድንጋይ በብዙ ሺህ ዓመታት ይፍቀዋል። ስለዚህ የጠባብ ገደል ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ልሙጥ ነው። ልሙጥ ግድግዳ ያምራል፤ ግን እጅ የሚይዘው፣ እግር የሚረግጠው ነገር የለውም።

አሁን ደግሞ በሰሌዳ ላይ የተማርነውን ሒሳብ እንጠቀምበት። የአንድ ወንዝ ስፋት 10 ሜትር ይሁን። ውኃው እስከ ጉልበት፣ ማለት ግማሽ ሜትር ይድረስ። ይህን ሰው ልብሱን ሰብስቦ ይሻገረዋል። ይኸው ውኃ አንድ ሜትር ብቻ ወደሚሰፋ ገደል ቢገባስ? ስፋቱ በ10 እጅ አንሷል። ፍጥነቱ ካልጨመረ በቀር ከፍታው በ10 እጅ መጨመር አለበት፤ 5 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ፍጥነቱ ቢጨምር ደግሞ ከፍታው ያንሳል፣ ግፊቱ ግን ይበረታል። ሜዳ ላይ ጉልበት ያልዘለለው ውኃ ገደል ውስጥ ሦስት ሰው ተደራርቦ ቢቆም ሊሸፍን ይችላል።

ዋናው ተንኮል ግን ይህም አይደለም። ዝናቡ እኛ ባለንበት ቦታ ላይዘንብ ይችላል። ደሴ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ኩታበር ሊዘንብ ይችላል። ሰው «ደራሽ ጎርፍ» የሚለው ሳይታሰብ ስለሚደርስ ነው። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ሌሊት ድሬዳዋ ላይ የሆነው ይህ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በዚያ ሌሊት በዙሪያው ባለው ደጋ ከባድ ዝናብ ወረደ፤ ጎርፉም ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ።

በውጭ አገርም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ፣ በአሪዞና፣ አንቴሎፕ የሚባል እጅግ ጠባብ ገደል አለ። ነሐሴ 6 ቀን 1989 ዓ.ም. 11 ጎብኚዎች በደራሽ ጎርፍ ሞቱበት። ከባዱ ዝናብ የጣለው ከእነርሱ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር። በስዊዘርላንድም ሐምሌ 20 ቀን 1991 ዓ.ም. በአንድ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ 21 ሰዎች በጎርፍ ተወሰዱ። ከሟቾቹ መካከል መንገድ መሪዎችም ነበሩ። እንግዲህ ጎርፍ ሥልጠና ያለውንና የሌለውን አይለይም።

ወጣቶችን ገደል ውስጥ የሚያስገባን አለማወቅ ብቻ አይደለም። ይሉኝታም አለ። «ፈሪ» እንዳንባል እንገባለን። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የተባለው ለእኛ ነው።

ባለፈው ጥር አምስት ጓደኛሞች ሆነን ወደ ቦርከና በሚወርድ አንድ ሸጥ ውስጥ ሄድን። ከአንድ ቋጥኝ አፋፍ ደረስን። ከታች አሸዋ ነው፤ ቁመቱ ግን ከሁለት ሰው ይበልጣል። አንደኛው ጓደኛችን «አብሽር፣ አሸዋ እኮ ነው፤ ዝለል!» አለ። ከሁላችንም በዕድሜ የሚያንሰው ደግሞ «መዝለሉንስ እንዘላለን፤ መውጣቱስ?» ሲል ጠየቀ። መልስ ያገኘ ሰው አልነበረም። ከቤት ስንነሣ «አንድ ሰው እንመለስ ካለ ሁላችንም እንመለሳለን፤ ማንም አይስቅም» ብለን ተስማምተን ስለነበር ተመለስን። እውነቱን ለመናገር አቀበቱን ስንወጣ ያኮረፈም ነበር። የሸጡን መጨረሻ እስከ ዛሬ አላየነውም። አምስታችንም ግን ማታ ከቤታችን ገባን።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የአንድ ቡድን ልክ የጎበዙ ልክ አይደለም፤ የደካማው ልክ ነው። ስምምነቱም መደረግ ያለበት ከመውረድ በፊት ነው። አፋፉ ላይ ከደረሱ በኋላ የሚናገረው ይሉኝታ ነው።

ስለዚህ ወደ ጠባብ ሸለቆ ስትሄዱ እነዚህን አትርሱ። በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ፈጽሞ አትግቡ። በበጋም ቢሆን በላይ በኩል ያለውን ሰማይ ተመልከቱ። እረኞችን ጠይቁ፤ ያገሩን ውኃ ጠባይ ያውቃሉ። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለቤተ ሰብ ተናገሩ። ተመልሳችሁ ልትወጡት የማትችሉትን ቦታ አትዝለሉ። ከራሳችሁ በላይ በቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ገለባና እንጨት ካያችሁ፣ ጎርፍ እስከዚያ ደርሶ እንደነበር እወቁ። ጥሩው ውኃ በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠል ማምጣት ከጀመረ፣ ወይም ከላይ ጉምጉምታ ከተሰማ «ምን ይሆን?» እያላችሁ አትቁሙ። ዕቃችሁን ትታችሁ ወደ ከፍታ ውጡ።

ጎበዝ ማለት ሁሉን ቦታ የደረሰ ሰው ብቻ አይደለም። ጓደኛው «እንመለስ» ሲል ሳይስቅበት አብሮት የሚመለስም ጎበዝ ነው።