ስለ መብራት ሞተር ቤት አሠራር፤ ጩኸቱን ስለ መከልከልና ነፋሱን ስለ መፍቀድ

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ቃል



ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ለኢትዮጵያ ብዙ ኀይል ቢሰጥም፥ ከግድብ እስከ መንደር ያለው መስመር ረጅም ነው። በክረምት ነፋስ ምሰሶ ይጥላል፤ መብረቅ ትራንስፎርመር ያቃጥላል፤ መብራቱም ይጠፋል። ስለዚህ ባለ ሱቁም፥ ባለ ወፍጮውም፥ ገንዘብ ያገኘ የቤት ባለቤትም ጄኔሬተር የሚባለውን የመብራት ሞተር እየገዛ በግቢው ማኖር ልማድ ሆኗል።

ነገር ግን ይህ መሣሪያ ብርሃኑን ለገዛው ሰው ሲሰጥ ጩኸቱን ለጎረቤት ያድላል። በአንደኛው ግቢ መብራት ሲበራ፥ በሁለተኛው ግቢ ሕፃን ከእንቅልፉ ይባንናል፤ ሕመምተኛ ይጨነቃል፤ ተማሪም ትምህርቱን ማጥናት ያቅተዋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እየተባለ አብሮ የኖረ ሰው በዚህ ነገር ይቀያየማል። ክርክሩም እያደገ ሄዶ በመጨረሻ ከሽማግሌ ፊት ይደርሳል።

ሽማግሌዎችም ባለ ሞተሩን «እንግዲህስ ሞተርህን ከዕቃ ቤት አግብተህ ዝጋበት» ብለው ቢፈርዱ፥ ፍርዱ ለጆሮ መልካም ይመስላል፤ ጎረቤትም አመስግኖ ይሄዳል። ዳሩ ግን ይህ ፍርድ ጠቡን አብርዶ ሰው የሚገድል ሊሆን ይችላል። በዝግ ቤት የሚሠራ ሞተር ባለቤቱን ከነሚስቱና ከነልጆቹ በእንቅልፋቸው ሊወስዳቸው ይችላልና። ስለዚህ የዚህ ንግግር ዋና ቃል አንድ ነው፤ የሞተርን ጩኸት መከልከል ይገባል፥ እስትንፋሱን መከልከል ግን አይገባም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ዕቃ በየቤቱ አለ፤ እርሱም ፋኖስ ነው። የፋኖስ ብርጭቆ እሳቱን ከነፋስ ይጋርደዋል። ነገር ግን ከበታቹ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ፥ ከበላዩም ሙቀትና ጭስ የሚወጣበት ክፍት አለው። የበታቹን ቀዳዳ ቢደፍኑት እሳቱ ታፍኖ ይጠፋል። የሞተር ቤትም እንደ ፋኖስ መሠራት ይገባዋል፤ ይጋርዳል፥ ነገር ግን አያፍንም።

ከሞተር የሚወጡ ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ጭስ፥ ሙቀትና ድምፅ። ለሦስቱም ለየብቻ መንገድ ማሰብ ያስፈልጋል።

አንደኛው ጭስ ነው። በሞተር ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ። ይህ ጋዝ መልክ የለውም፥ ሽታ የለውም፥ ጣዕምም የለውም። ሥራው ግን ለአገር ሰው እንግዳ አይደለም። በብርድ ሌሊት ከሰል አቀጣጥሎ፥ በሩንም ዘግቶ የተኛ ቤተ ሰብ ሲነጋ ሞቶ የሚገኘው በዚሁ ጋዝ ነው። በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን፥ ከኦክሲጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውዬው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ ይታፈናል። ምልክቱ ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጉልበት መድከም ነው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ይሞታል። መስኮት መክፈት ብቻውን ከዚህ ሞት አያድንም።

ስለዚህ የሞተሩ ቤት ከመኖሪያ ቤት ጋር ተያይዞ አይሠራም። ከማናቸውም በርና መስኮት፥ ከባለቤቱም ሆነ ከጎረቤቱ፥ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። በረንዳ፥ ማድ ቤት፥ ከቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ዕቃ ቤትም ለሞተር አይሆኑም። የጭሱም ቧንቧ ሰው ወደማይኖርበት አቅጣጫ ይዙር፤ በአገሩ አዘውትሮ የሚነፍሰውም ነፋስ ጭሱን ወደ ቤቶቹ የሚመልሰው እንዳይሆን አስቀድሞ መመልከት ያሻል። ግቢው ጠባብ ሆኖ ይህ ርቀት የማይገኝ እንደ ሆነ፥ ያ ግቢ ለሞተር አይገባም፤ በፀሐይ የሚሞላ ባትሪ ይሻለዋል። ሽማግሌዎችም እንዲህ ብለው ለመፍረድ ማፈር የለባቸውም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ትንሽ የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ኀይል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከሩቡ ብዙ አይበልጥም፤ የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ 5 ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሞተር 15 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል ማለት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳልና፥ ይህ ሙቀት በአንዲት ጠባብ ክፍል አራት ምጣድ ባንድነት እንደ መጣድ ነው። መውጫ ያጣ እንደ ሆነ ሞተሩ ይግላል፥ ዘይቱ ይቀጥናል፥ የሽቦው ልባስ ይቀልጣል፤ በመጨረሻም እሳት ይነሣል።

ሞተሩ ለቃጠሎውም ቢሆን ነፋስ ይፈልጋል፤ 1 ኪሎ ቤንዚን ለመቃጠል 15 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። በደጋ አገር ደግሞ አየሩ ስስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ደብረ ብርሃንም ከ2,700 ሜትር ትበልጣለች። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሞተር ከጉልበቱ ከመቶ አንድ ያህል ያጣል። ስለዚህ በቆላ 5 ኪሎ ዋት የሚሰጠው ሞተር በአዲስ አበባ 4 ኪሎ ዋት እንኳ ቢሞላ ነው። ስስ አየር ሙቀትን የመሸከም ችሎታውም ያነሰ ስለ ሆነ፥ የደጋ ሰው የነፋሱን ቀዳዳ ማስፋት እንጂ ማጥበብ አይገባውም።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። ድምፅን የሚከለክል ክብደት ነው። ቆርቆሮ ብቻውን ጩኸትን አይከለክልም፤ እንዲያውም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ድንጋይ፥ ጡብ፥ ወይም ቀዳዳው በአሸዋና በሲሚንቶ የተሞላ ብሎኬት ግን ይከለክላል። ነገር ግን ድምፅ እንደ ውኃ ቀዳዳ ፈልጎ ይወጣል። ከግድግዳው ስፋት ከመቶ አንዱ እጅ ክፍት ሆኖ ቢቀር፥ የቀረው ግድግዳ የቱንም ያህል ቢወፍር ጩኸቱ ከ20 ዲሲቤል በላይ አይቀንስም። ድምፅ በቀላሉ እንዳይወጣ ቀዳዳው መዘጋት አለበት፤ ነፋስ እንዲገባ ግን ቀዳዳው መከፈት አለበት። ብዙ ሰው ከዚህ ላይ ሲደርስ ግራ ይጋባና ቀዳዳውን ይዘጋዋል።

የጥበብ ሰዎች ያገኙት መፍትሔ መንገዱን ማጠፍ ነው። ነፋስ በታጠፈ መንገድ ሳይቸገር ያልፋል፤ ድምፅ ግን በየመታጠፊያው ግድግዳውን እየመታ ይደክማል፥ ይልቁንም ግድግዳው ድምፅ የሚውጥ ልባስ ያለው እንደ ሆነ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ፊት፥ 50 ሳንቲሜትር ያህል ራቅ ብሎ፥ ከቀዳዳው የሰፋ መጋረጃ ግድግዳ ይቆማል። ጫፎቹና ላዩ ተደፍነው ነፋሱ ሁለት ጊዜ ታጥፎ እንዲያልፍ ይደረጋል። የመተላለፊያው ውስጥ ከቀለጠ ድንጋይ ወይም ከብርጭቆ በሚሠራ፥ እሳት በማይበላው፥ 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ባለው ሱፍ ይለበጣል፤ እንዳይረግፍም በወንፊት ሽቦ ይያዛል። ስፖንጅና ጭድ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ ሁለቱም ይነዳሉና፥ የስፖንጅም ጭስ መርዝ ነውና።

ለ5 ኪሎ ዋት ሞተር የሚሆነው ቤት አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የውስጡ ርዝመት 2 ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር ከ60፥ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲሜትር ይሁን። ወለሉ 15 ሳንቲሜትር የሚወፍር ኮንክሪት ሆኖ ከቤት መሠረት ጋር አይነካካ፤ ሞተሩም ወፍራም ጎማ ላይ ይቀመጥ፤ አለዚያ መንቀጥቀጡ በምድር ውስጥ ሄዶ የጎረቤትን ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። ግድግዳው 20 ሳንቲሜትር ብሎኬት ሆኖ በውስጥም በውጭም ይለሰን። ጣራው 10 ሳንቲሜትር ኮንክሪት ቢሆን ይመረጣል። በሩ በብረት የተለበጠ ወፍራም ጣውላ ሆኖ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ዙሪያውንም ጎማ ይደረግበት።

የነፋስ መግቢያው ከታች፥ መውጫው በተቃራኒው ግድግዳ ከላይ ይሁን፤ ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣልና። ሁለቱም ከ50 በ50 ሳንቲሜትር ያላነሱ ይሁኑ። ሞተሩ የራሱን ሙቀት የሚተፋበት ጎን ወደ መውጫው ይዙር፤ በመውጫውም ላይ ሙቀቱን የሚስብ ማራገቢያ ይተከል። አይጥ እንዳይገባ ወንፊት፥ ዝናብም እንዳይገባ ክዳን ያስፈልጋል።

የጭሱ ቧንቧ ሙቀቱ በመቶ የሚቆጠር ዲግሪ ስለ ሆነ ከጣውላና ከሣር ክዳን ይራቅ፤ በማይነድ ሱፍም ይጠቅለል። ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ የሚተጣጠፍ ብረት ይሁን። ድምፁን የሚቀንሰው ማርሚታ ከሞተሩ ማስወጫ ያልጠበበ ይሁን፤ የጠበበ እንደ ሆነ ሞተሩ ይታነቃል። የቧንቧው አፍ ከነፋስ መግቢያው ርቆ ከጣራው በላይ ይውጣ።

ነዳጅ ከሞተሩ ቤት ውስጥ አይቀመጥ፤ ሞተሩም ጠፍቶ ሳይበርድ ቤንዚን አይጨመርበት። ሽቦውን ደግሞ የሚያገናኝ ዐዋቂ ሠራተኛ መሆን አለበት። በቆጣሪውና በሞተሩ መካከል ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያስገባ መቀያየሪያ ማብሪያ ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ የሞተሩ ኀይል ወደ መንገድ መስመር ወጥቶ በትራንስፎርመሩ እስከ 15,000 ቮልት ሊያድግ ይችላል። መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛም በዚያ ይሞታል።

ቤቱ ካለቀ በኋላ መፈተን አለበት። ሞተሩ መብራቱንና ዕቃውን ሁሉ ተሸክሞ አንድ ሰዓት ይሥራ፤ ከዚያ በኋላ የውስጡ ሙቀት ከውጭው ከ15 ዲግሪ በላይ ቢበልጥ ቀዳዳው ጠቧልና ይስፋ። በመኝታ ቤትም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲገባ የሚጮኽ ትንሽ መሣሪያ ይሰቀል። የድምፁን ፈተና ግን ባለቤቱ ብቻውን አያድርገው፤ የራሱ ሞተር ለራሱ ጆሮ ሁልጊዜ ዝግ ያለ ይመስለዋልና። ያስታረቁት ሽማግሌዎች በሌሊት፥ መንደሩ ጸጥ ባለ ጊዜ፥ ከጎረቤቱ በር ላይ ቆመው ይስሙ።

መምህራን ይህን ነገር ለተማሪዎቻቸው በቀላሉ ሊያሳዩ ይችላሉ። ፋኖስ አብርቶ የበታቹን ቀዳዳ በእርጥብ ጭቃ መድፈን፥ እሳቱም እየደከመ ሲሄድ ማሳየት፥ ከዚያም ጭቃውን ማንሣት ይበቃል። ይህን ያየ ልጅ አባቱ ሞተሩን በዝግ ቤት ሊያስነሣ ሲል ዝም አይልም።

ሽማግሌዎችም ስለ ሞተር ጩኸት ሲያስታርቁ «ዝጋበት» ማለታቸውን ትተው «ቤት ሥራለት፥ መተንፈሻም አብጅለት» ብለው ይፍረዱ። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ባለ ሞተሩ ብርሃኑን፥ ጎረቤቱም እንቅልፉን ያገኛል፤ በማግሥቱም ሁለቱም በሕይወት ተገናኝተው እንደምን አደርክ ይባባላሉ።