የተማሪ እድገት በምን ይለካል?
ስለ ኮምፒዩተር ሞዴልና ተንቀሳቃሽ ሥዕል ትምህርት ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር




 ንግግሬ የሚያተኩረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም የኮምፒዩተር ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚማር ተማሪ እድገት ማሳየቱን በምን እናውቃለን የሚል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ዛሬ አንድ ጀማሪ ብሌንደርን የመሰለ ፕሮግራም ያለ ክፍያ አግኝቶ፣ ሌላ ሰው የሠራውን ሞዴል አስገብቶ፣ ብርሃንና ቀለም ጨምሮበት በአንድ ቀን ዓይን የሚማርክ ሥራ ሊያቀርብ ይችላል። ሌላው ተማሪ ደግሞ ወር ሙሉ ደክሞ የሚያመጣው ግራጫና ሸካራ ቅርጽ ይሆናል። ለመጀመሪያው ከፍተኛ ማርክ ሰጥተን ሁለተኛውን ብንጥለው፣ ከሙያው የምናርቀው ምናልባት እውነተኛውን ባለሙያ ነው።

መልሱን ለማግኘት ወደ ሙያው አጀማመር መለስ ማለት ይጠቅማል። ኤድ ካትመል በልጅነቱ የተንቀሳቃሽ ሥዕል ሠዓሊ ለመሆን ይመኝ ነበር፤ የሥዕል ችሎታው እንደማያደርሰው በመገንዘቡ ግን ፊዚክስና የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማረ። በ1972 በዩታ ዩኒቨርስቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለ የግራ እጁን ቅርጽ በጄሶ አወጣ፤ በቅርጹም ላይ 350 ያህል ሦስት ማዕዘኖችና ሌሎች ባለብዙ ማዕዘን ገጾችን በቀለም አሰመረ። የነጥቦቹን ቦታ ለክቶ ቁጥሮቹን ወደ ኮምፒዩተር ካስገባ በኋላ፣ ከባልደረባው ከፍሬድ ፓርክ ጋር አጭር ፊልም አዘጋጀ። ፊልሙ በ2011 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በዚያው በ1972 የአይቫን ሰዘርላንድ ተማሪዎችም የአንዲት ፎልክስዋገን መኪናን አካል በነጥብና በመስመር ከፋፍለው በእጃቸው ለክተው ነበር።

እነዚህ ተማሪዎች ያተረፉት ዋና ነገር ማየትን ነው። እጁን የለካ ሰው ቆዳው የት እንደሚሸበሸብ፣ አንጓው የት ላይ እንደሚታጠፍ ያውቃል። በአንጓው ዙሪያ በቂ ነጥቦች ያላኖረ ሰው ግን፣ ሞዴሉ ሲቆም ምንም ያህል ቢያምርለት፣ ጣቱን ባጠፈው ጊዜ እንደ ሸምበቆ ይሰበርበታል።

ከቅርጽ ቀጥሎ የሚመጣው እንቅስቃሴ ነው። የተለመደው የመጀመሪያ መልመጃ ኳስ ማንጠር ሲሆን፣ በሲኒማ አንድ ሴኮንድ በ24 ምስሎች ይከፈላል። ተማሪው የኳሱን መነሻና መድረሻ ብቻ ወስኖ መካከሉን ኮምፒዩተሩ እኩል እንዲያካፍለው ቢተወው፣ ኳሱ በክር እንደሚንሸራተት ዶቃ ይወርዳል እንጂ አይወድቅም። ጋሊሊዮ እንዳሳየው፣ ከዕረፍት ተነሥቶ የሚወድቅ አካል በተከታታይ እኩል ጊዜያት የሚያልፋቸው ርቀቶች እንደ 1፣ 3፣ 5፣ 7 እያደጉ ይሄዳሉ። ጉድለቱን ራሱ ተመልክቶ በምስሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በዚሁ ሥርዓት ያስተካከለ ተማሪ ለኳሱ ክብደት ሰጠው ማለት ነው። የኳሱ ቀለም ያው ቀድሞ የነበረው ቢሆንም፣ ተማሪው አድጓል።

እርግጥ ነው፣ ቀጣሪ የሚያየው የተጠናቀቀውን ሥራ ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉ። በሌሎች ሥራ መጠቀምም በሙያችን ነውር አይደለም። ሆኖም «ይህ ክንድ ወደ ኋላ ይታጠፍ፤ ይህ እርምጃ ይክበድ» የሚል ትእዛዝ በመጣ ጊዜ፣ የተዋሰውን የማያውቅ ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች እንድንፈጽም በአክብሮት አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ተማሪው የመጀመሪያውን ሞዴል በእጁ ለክቶ ከሚያገኘው ዕቃ ይሥራ፤ ልኬቱንም ከሥራው ጋር ያቅርብ። ሁለተኛ፣ ሞዴሉ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ከየአቅጣጫው፣ ቀጥ ብሎም ታጥፎም ይመርመር። ሦስተኛ፣ ያልተሳኩት ሙከራዎች ከመጨረሻው ሥራ ጎን ቀርበው፣ ተማሪው ምን እንደለወጠና ለምን እንደለወጠ በቃሉ ያስረዳ። ማርኩ የሚሰጠው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ይሁን።

ካትመል ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት ፒክሳር፣ በሙሉ በኮምፒዩተር የተሠራውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም «ቶይ ስቶሪ»ን ለሕዝብ ያሳየው በ1995 ነው። ከጄሶው እጅ እስከዚያ ፊልም 23 ዓመታት አልፈዋል። የእኛ ተማሪዎች ይህን ያህል መጠበቅ ባያስፈልጋቸውም፣ ሸካራውን ሥራቸውን በትዕግሥት የሚመረምርላቸው መምህር ግን ያስፈልጋቸዋል።