የቢላዋ እጀታ፦ ከማማሩ በፊት መያዙ

(የካምፓችን የብረታ ብረት ሥራ ቡድን ለአዲስ ሠልጣኞች ካደረገው ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ እንድንናገር የተጋበዝነው ስለ ቀንድ እጀታ ቢላዋ አሠራር ነው። ከማስተማራችን በፊት ግን ጥፋታችንን መናገር ይገባናል። ሥራ በጀመርንበት ሰሞን ከሸጥናቸው ቢላዋዎች አንዱ ጎመን ሲከተፍበት ከእጀታው ወልቆ የአንዲት እናትን መዳፍ ቆረጠ። እኚህ እናት ቢላዋውን መልሰው ሲያመጡልን አልተቆጡም። «ልጆቼ፣ አምሮ ነበር» ብቻ አሉን። ከቁጣ የበለጠ የሰማነው እሱን ነው።

ስለቱ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ስለነበረ ጥፋቱ የብረቱ አልነበረም። ጥፋቱ በአንድ መጽሔት ላይ ያየነውን የዋላ ቀንድ እጀታ በበሬ ቀንድ ለመሥራት መሞከራችን ነው። ሁለቱም ቀንድ ይባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ቅርንጫፍ ያለው የዋላ ቀንድ አጥንት ነው፤ በየዓመቱ ይወድቅና እንደገና ይበቅላል፤ ውጪው ጠጣር ሲሆን መሐሉ እንደ ስፖንጅ የሳሳ ነው። የበሬና የፍየል ቀንድ ግን እንደ ጥፍራችን ያለ ቅርፊት ነው። የውስጡ አጥንት ሲወጣ ከጫፉ በቀር ባዶ ይሆናል። አባቶቻችን የጠጅ ዋንጫ የሠሩበትም በዚሁ ባዶነቱ ነው።

ከስለቱ ወደ ኋላ ተርፎ እጀታው ውስጥ የሚገባውን ብረት «ጭራ» እንበለው። ጭራውን ከቀንዱ ጋር ማያያዣ ሦስት ዋና ዋና መንገዶች አሉ።

አንደኛው አጭር ጭራ ነው። የዋላ ቀንድ መሐሉ ተሰርስሮ ጭራው በኮላ ይጣበቃል። ሥራው ቀላል ነው፤ ብረትም ይቆጥባል። ዙሪያውን ጠጣር አጥንት ስላለ ጭራው ተነክሶ ይቀመጣል። በባዶ የበሬ ቀንድ ውስጥ ግን ጭራውን የሚይዘው ኮላው ብቻ ነው። የእኛም ኮላ በዚህ አገር ሙቀትና በዕቃ ማጠቢያ ውኃ ተሰንጥቆ ለቀቀ።

ሁለተኛው ዘልቆ የሚወጣ ጭራ ነው። ፊንላንዶች «ፑኮ» ከሚሉት ቢላዋ ብዙው እንዲህ ይሠራል። ጭራው እጀታውን ከዳር እስከ ዳር አልፎ ጫፉ ከኋላ በብረት ሳህን ወይም በሮንዴላ ላይ በመዶሻ ይጠፈጠፋል። ኮላው ቢለቅ እንኳ ስለቱ አይወጣም። በበሬ ቀንድ ለመሥራት አስቀድሞ ባዶውን ልክ በተጠረበ ጠንካራ እንጨት መሙላት ያስፈልጋል። ጭራውም ጠፍጣፋ ይሁን፤ ክብ ከሆነ በእጅ ውስጥ ይሽከረከራል።

ሦስተኛው ሙሉ ጭራ ነው። በእንግሊዝ አገር የሼፊልድ ቢላዋ ሠሪዎች በዋላ ቀንድ ብዙ ሠርተውበታል። ብረቱ የእጀታውን ቅርጽ ይዞ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ ግራና ቀኙ በሁለት የቀንድ ገበታ ተሸፍኖ በሪቬት ይታሰራል። ብረት ይበላል፤ ይከብዳልም። ነገር ግን ጉዳት ቢደርስበት በዓይን ይታያል፤ አንዱን ገበታ አውጥቶ መለወጥም ይቻላል። የበሬ ቀንድ ለዚህ ይመቻል፤ በመጋዝ ተሰንጥቆ በፈላ ውኃ ሲቀቀል ይለሰልሳል፤ በሁለት ሳንቃ መካከል በሞርሳ ተጨምቆ ሲቀዘቅዝ ጠፍጣፋ ይሆናል። በደንብ ሳይደርቅ ግን አትቸኩሉ፤ እርጥብ ቀንድ ኋላ ይሸበሸባል። ሪቬቱንም በኃይል አትምቱ፤ ቀንዱ ይሰነጠቃል።

በመሆኑም ለወጥ ቤት ቢላዋ ሦስተኛውን፣ ለትንንሽ ቢላዋ ሁለተኛውን መርጠናል። አንደኛውን በበሬ ቀንድ መሥራት ትተናል። ማንኛውንም ቢላዋ ከመሸጣችን በፊት ስለቱን በእንጨት መካከል በሞርሳ አስረን እጀታውን እንስባለን፣ እንጠመዝዛለን። ከዚያም ውኃ ውስጥ አሳድረን፣ አድርቀን፣ እንደገና እንፈትሻለን።

ሁለት ነገር አደራ እንላለን። ቀንድ ስትሞርዱና በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሱ ብናኙ ሳንባ ይጎዳልና ቀንዱን አርጥቡ፤ አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። እንዲሁም ቀንድ ከእርድ ቦታ ብቻ ውሰዱ። በምንኖርበት በኬንያ አደን እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ተከልክሏል፤ የዱር እንስሳ ቀንድ ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘትም ያስቀጣል። ስደተኛ ለአንድ እጀታ ብሎ እስር ቤት መግባት የለበትም።

ለእኚያ እናት በሙሉ ጭራ የተሠራ ሌላ ቢላዋ ሰጥተናቸዋል። ዛሬም ጎመናቸውን ይከትፉበታል። በካምፕ ውስጥ ንግድ ፈቃዳችንም ማስታወቂያችንም የጎረቤት አመኔታ ነው፤ አንድ ጊዜ ከእጀታው ከወለቀ መልሶ ለማስገባት ብዙ ያለፋል።